ክራር በስልክ መማር ይቻላል? ለአዋቂ ጀማሪ የተዘጋጀ ማብራሪያ

ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሲገዛ ሊማሩበት ነበር፤ አሁን የሳሎን ጌጥ ሆኗል። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ይህ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ባለቤቱ አርባን እየተጠጋ ነው። ከሥራ ማታ ይገባል። አስተማሪ ጋ የሚሄድበት ሰዓት የለውም። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ማስታወቂያ ይመጣበታል፦ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ያለ አስተማሪ፣ መሣሪያ መጫወት ይማሩ የሚል።

ነገሩ እውነት ነው? ግማሹ እውነት ነው። ስልክ ጥሩ ጆሮ አለው፤ ሺህ ጊዜ ቢደጋግሙበትም አይሰለችም። ነገር ግን የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው። ያስተማሩት ደግሞ በአብዛኛው ፒያኖና ጊታር ነው። ትዝታ የሚባለውን ቅኝት አያውቅም። ትዝታን ይዘው የሚመጡት እርስዎ ነዎት። ይህ ከገባ ስልኩ ብዙ ይጠቅማል፤ ካልገባ ግን ክራሩ ተመልሶ ግድግዳ ላይ ይወጣል።

ከሰላሳ ዓመት በኋላ ጣት ይታዘዛል?

ይታዘዛል። ከልጅነት ጋር በጥብቅ የተሳሰረ አንድ ችሎታ በእርግጥ አለ፤ አንድን ድምፅ ብቻውን ሰምቶ፣ ከምንም ጋር ሳያነጻጽሩ ስሙን መጥራት። ይህን የሚችሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሙዚቃን ገና በልጅነታቸው የጀመሩ ናቸው። ግን መሣሪያ ለመጫወት ይህ ችሎታ አያስፈልግም። በተለይ ለክራር አያስፈልግም። ክራር የሚቃኘው አንዱ አውታር ከሌላው ጋር ባለው ርቀት ነውና።

አዋቂ ሰው ልጅ የሌለው ሀብት አለው። ትዝታን በሰርግ፣ በሬዲዮ፣ በታክሲ ውስጥ ለሰላሳ ዓመት ሰምቷል። ዘፋኝ ከቅኝት ሲወጣ ስሙን ባያውቀውም ፊቱ ይቋጠራል። ጆሮው የተማረ ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ጆሮ ነው። ጆሮው የሰላሳ ዓመት ተማሪ ነው፤ እጁ ግን ዛሬ ነው የጀመረው። ስለዚህ የራሱን ስህተት ሁሉ ይሰማል። ልጅ ሦስት ድምፅ አውጥቶ ደስ ብሎት ይሮጣል። አዋቂ ሦስት ድምፅ አውጥቶ «ይሄ እኔ ላይ አይሆንም» ይላል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እጁ አቅቶት ሳይሆን ጆሮው ቀድሞት።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ጣት የተማረው ነገር የሚረጋው በእረፍትና በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ነው። ለዚህ ነው በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ቅዳሜ ብቻ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ የሚሻለው። የስልክ የመጀመሪያ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከእርስዎ ጋር የሚቀመጥ ሌላ ማን አለ?

መቃኛ አፕ ድምፁን በምን ያውቀዋል?

አውታር ሲነካ ይርገበገባል። ሲርገበገብ አየሩን ይገፋል። በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ የሚለካው በሄርዝ ነው። ብዙ ጊዜ ከተርገበገበ ድምፁ ይቀጥናል፤ ጥቂት ከሆነ ይወፍራል። አውታሩን ሲያጠብቁት የሚቀጥነው ቶሎ ቶሎ መርገብገብ ስለሚጀምር ነው።

የስልኩ ማይክሮፎን ይህን የአየር ግፊት ይለካል። በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ እንዳይመስልዎ፤ የተለመደው መጠን 44,100 ጊዜ ነው። አፑ ከዚህ የቁጥር ክምር ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣውን ቅርጽ ይፈልጋል። ያ ቅርጽ በሰከንድ 440 ጊዜ ከተመላለሰ «ኤ» (A) የሚል የድምፅ ስም ይጽፋል። 440 ዓለም አቀፍ ስምምነት ያለበት መነሻ ነው።

ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። 220 ወፍራሙ ኤ ነው፣ 440 መካከለኛው፣ 880 ቀጭኑ። ወንድና ሴት አንድ ዜማ አብረው ሲዘፍኑ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይኸው ነው። ፒያኖ ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን መንገድ 12 እኩል ደረጃ አድርጎ ይከፍለዋል። አንዱ ደረጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል። እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ደግሞ 100 ሴንት አለው። ለእኛ ይህ ቀላል ነው። ግማሽ ድምፁን ብር፣ ሴንቱን ሳንቲም ይበሉት። ከድምፁ እስከ እጥፉ 12 ብር ነው። አፑ ላይ ያለው ቀስት የሚነግርዎ ስንት ሳንቲም እንደጎደለ ወይም እንደተረፈ ነው። አረንጓዴ ሲበራ ሂሳቡ ሞልቷል ማለት ነው።

መቃኛ አፕ እንግዲህ ሚዛን ነው። የገበያ ሚዛን ጤፉ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይነግርዎታል። ማኛ ይሁን ሰርገኛ ግን አይነግርዎትም። እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ታዲያ ትዝታን ለምን አያውቅም?

ቅኝት ማለት ከእነዚያ 12 ደረጃዎች አምስቱን መርጦ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጠብቆ መጫወት ነው። በስም የሚታወቁት አራቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺሆዬ ናቸው። ክራር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አውታር አለው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን በእጥፉ ወይም በግማሹ ይደግማል። ዘፈኑ ቅኝት ሲቀይር አውታሮቹም አብረው ይቀየራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጊታርም ስድስት ክር አለው። ብዙዎቹ መቃኛ አፖች ሲከፈቱ ጊታር ይዘዋል ብለው ነው የሚጀምሩት። የክራርዎን አውታር ሲነኩ አፑ ወደሚቀርበው የጊታር ክር ሊስብዎ ይሞክራል። «አጥብቅ፣ አጥብቅ» እያለ እስኪበጠስ ድረስ ሊወስድዎ ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት «ክሮማቲክ» የሚለውን ምርጫ ይፈልጉ። ያን ጊዜ የሰማውን ድምፅ ስም ብቻ ይነግርዎታል፤ ወዴትም አይጎትትዎትም።

አሁን ትዝታን በብር እንቁጠረው። ትዝታ ሜጀር ከመነሻው ሁለት ብር ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። እስከ እጥፉ የቀረው ሦስት ነው፤ ሲደመር 12። መነሻውን ሲ ካደረግን ድምፆቹ ሲ (C)፣ ዲ (D)፣ ኢ (E)፣ ጂ (G) እና ኤ (A) ይሆናሉ። በሄርዝ ወደ 262፣ 294፣ 330፣ 392 እና 440 ማለት ነው። ትዝታ ማይነር ከፈለጉ ሁለት አውታር ብቻ ይንኩ። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ አንዳንድ ብር ያውርዱ። ኢ ወደ ኢ ፍላት፣ ኤ ወደ ኤ ፍላት ይወርዳል፤ ፍላት ማለት በአንድ ግማሽ ድምፅ የወረደ ማለት ነው። 330 የነበረው ወደ 311 ገደማ፣ 440 የነበረው ወደ 415 ገደማ ይመጣል። ሌላው እንዳለ ነው። በዚህች ሁለት ብር ነው ያ ሁሉ ስሜት የሚቀየረው። እኔ ይህን ሁሌም እንደ ተአምር ነው የማየው።

አምባሰል በተመሳሳይ ሂሳብ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ከዚያ እስከ እጥፉ አራት ነው። ከሲ ከተነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ይሆናል። ባቲና አንቺሆዬም የየራሳቸው ርቀት አላቸው። መጀመሪያ ግን በትዝታ ይሥሩ።

የግድ ከሲ መነሳት የለብዎትም። መሰላል የትኛውም ግድግዳ ላይ ቢደገፍ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት አይቀየርም። ድምፅዎ ወፍራም ከሆነ ከታች ይነሱ። የክራርዎ አውታር አልችል ካለም እንደዚያው። በባህሉም ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ተደርጎ ነው።

ቀስቱ በትክክል መሃል ላይ መቆሙ ደግሞ የፒያኖ ልክ መሆኑን ነው የሚያሳየው። በጆሮ የሚቃኙ የባህል ተጫዋቾች ከዚያ ጥቂት ሳንቲም ወጣ ወይም ወረድ ሊሉ ይችላሉ። ስህተት እንዳይመስልዎት። ስለዚህ በአፑ ይቃኙና አፑን ይዝጉት። ከዚያ የሚያውቁትን ዜማ ቀስ ብለው ይንኩ። አንዱ አውታር ጆሮዎን ከቆረቆረው ጆሮዎን ይመኑ።

አንዳንዴ አፑ ራሱ ይምታታል። አንድ ጊዜ ሲ ብሎ ወዲያው ጂ ይላል። አውታር ሲመታ ዋናው ድምፅ ብቻውን አይወጣም፤ ቀጫጭን ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ክራርና ማሲንቆ አንድ ድምፅ ቢጫወቱም የምንለያቸው በእነዚህ ነው። አፑ አንዳንዴ ከዋናው ይልቅ እነሱን ይይዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ አውታር ብቻ፣ ለስለስ አድርገው ይንኩ። የቀሩትን በመዳፍዎ ዝም ያሰኟቸው። ቴሌቪዥኑንም ይዝጉት። ስድስቱን ጨርሰው ሲመለሱ የመጀመሪያው ወርዶ ያገኙታል። የአንዱ መጥበቅ ላይኛውን አግዳሚ እንጨት ስለሚጫነው ሌሎቹ ይላላሉ። ሁለቴ ሦስቴ መዞር ያለ ነው።

ሜትሮኖም ምን ያደርግልኛል?

ሁለት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይተዋል? አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያወርዳል። አንዱ ከፈጠነ ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖም ያ ሁለተኛው ወቃጭ ነው። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። እ.ኤ.አ. በ1815 ዮሐን ሜልዘል የባለቤትነት መብት ያወጣበት ባለ ዘንግ ሳጥን ነበር፤ ዛሬ በነፃ ስልክዎ ላይ ይገኛል። ቁጥሩ በደቂቃ ያለው ምት ነው፤ በ60 ላይ ካደረጉት በሰከንድ አንዴ ይመታል።

ጀማሪ ቀላሉ ቦታ ላይ ይሮጣል፣ ከባዱ ላይ ይጎተታል። ራሱ ግን አይታወቀውም። ሜትሮኖሙ ይህን ያጋልጣል። ያለ ስህተት በሚጫወቱበት ፍጥነት ይጀምሩ፤ በጣም ቀርፋፋ ቢሆንም ግድ የለም። እጅዎ ሲለምድ በአራት በአምስት ቁጥር ከፍ ያድርጉት።

ለእኛ ሙዚቃ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። አፑ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ በአራት ነው የሚቆጥረው። ችክችካ ግን በስድስት የሚዞር ምት ነው። በአራት እየቆጠሩ ችክችካ ለመጫወት መሞከር የማይሆን ነገር ነው። 6/8 የሚለውን ይምረጡና «አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት» እያሉ መጀመሪያ ያጨብጭቡ። ክራሩን ከዚያ በኋላ ያንሱ።

ዘፈን ሲዘገይ ድምፁ ለምን አይወፍርም?

የካሴት ዘመንን የሚያስታውሱ ይህን ያውቁታል። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኙ ድምፅም ይወፍራል። ፍጥነትና ቅጥነት አንድ ላይ የታሰሩ ነበሩ። በዚያ ላይ ክራር መለማመድ አይቻልም፤ ቅኝቱ ወርዷልና።

ኮምፒውተር ሁለቱን ለያያቸው። ድምፁን እጅግ በጣም ትንንሽ ቁራጭ አድርጎ ይከፍለዋል። ከዚያ ቁርጥራጮቹን በከፊል እያደራረበና እየደገመ መልሶ ይሰፋቸዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቅጥነቱን እንደያዘ ስለሆነ ዘፈኑ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም። ዩቲዩብ ላይ የማጫወቻ ፍጥነት የሚለው ይህን ነው የሚሠራው። በ0.75 ይጀምሩ። 0.5 ላይ የስፌቱ ቦታ ይሰማል፤ የክራሩ ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል። ከዘፈኑም አምስት ሰከንድ ብቻ ይምረጡ። እሷን እየደጋገሙ ይስሙ፣ ያንጎራጉሩ፣ ከዚያ በጣትዎ ይፈልጓት።

ዘፋኙን ከመሣሪያው የሚለዩ አፖችም መጥተዋል። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ስፕሊተር የሚባል ፕሮግራም በነፃ ከለቀቀ ወዲህ ይህ ነገር በሰፊው ተዳርሷል። ዘፈኑን የዘፋኝ ድምፅ፣ ከበሮ፣ ቤዝ እና «ሌላ» ብለው ይከፍሉታል። ክራር የሚገባው «ሌላ» ውስጥ ነው፤ ከማሲንቆውና ከኪቦርዱ ጋር ተደባልቆ። ያም ሆኖ ዘፋኙ ሲወጣ ክራሩ ጎልቶ ይሰማል፣ ለጀማሪ ይጠቅማል።

ነጥብ የሚሰጡት አፖችስ?

ከሄልሲንኪ የወጣው ዩሲሺያንና እስራኤል ውስጥ የተሠራው ሲምፕሊ ፒያኖ የታወቁ ናቸው። ኖታው፣ ማለትም የሚጫወቱት ድምፅ ምልክት፣ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ እርስዎ ይጫወታሉ፣ አፑ ሰምቶ ነጥብ ይሰጣል። የተሠሩት ለፒያኖ፣ ለጊታርና ለመሳሰሉት ነው። ክራር የሚማር ሰው ለእነሱ ገንዘብ ባይከፍል እመክራለሁ።

ኪቦርድ የሚማሩ ከሆነ ግን ይጠቅማሉ። በማይክሮፎን ከማሰማት ይልቅ በኬብል ያገናኙት። በኬብሉ የሚሄደው ሚዲ የሚባል ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አለ። ሚዲ ድምፅ አይልክም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ብቻ ይልካል። ማይክሮፎን ከሩቅ ሰምቶ የሚገምት ሰው ነው፤ ሚዲ ግን ደብዳቤ ጽፎ የሚልክ።

አፑ የማያየው አንድ ነገር አለ፤ አካልዎን። ድምፁ ልክ ከሆነ ሙሉ ነጥብ ይሰጥዎታል። አንጓዎ ተጣሞ፣ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የጣት ጫፍ ትንሽ መቆርቆር የተለመደ ነው። አንጓ ወይም ክንድ ካመመዎት ግን ያቁሙ። ነጥብ ለማሟላት ብለው አይቀጥሉ።

የቱን መሣሪያ ብቻ ያዝ ብባልስ?

መቅረጫውን። ስልክዎ ላይ አለ፣ ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ሰው ሲጫወት አእምሮው በጣቱ ስለሚያዝ ራሱን በደንብ አይሰማም። ቆም ብሎ ሲያዳምጥ ሌላ ሰው የተጫወተው ያህል ይሰማዋል። የት እንደሮጠ፣ የትኛው አውታር እንደወረደ ያኔ ይገባዋል።

በሳምንት አንድ ቀን ያንኑ አንድ ዜማ ለአንድ ደቂቃ ይቅረጹ። አያጥፉት። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አከታትለው ያዳምጡ። ያ ቀድሞ የሄደው ጆሮ «ምንም አልተሻሻልክም» ብሎዎት ከሆነ የሚመልስለት ይህ ነው። አንዳንዴ በቪዲዮ ያድርጉት። ስልኩን ከጎን አድርገው ሁለቱም እጅ እንዲታይ ያስቀምጡት።

የጆሮ ማዳመጫም ነገር አለ። ገመድ አልባ የሆኑት ድምፁን ከአንድ እስከ ሁለት አስረኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገዩታል። ፊልም ሲያዩ ላያስተውሉት ይችላሉ። በደቂቃ 120 በሚመታ ዘፈን ግን ወደ አንድ ምት ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። «ምት መያዝ አልችልም» ብለው ከማዘንዎ በፊት ባለ ገመድ ይሞክሩ።

አስተማሪ በቪዲዮ ይሠራል?

ይሠራል። በውጭ ለሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ያለው መንገድም ይኸው ነው። ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ የቪዲዮ ጥሪ የተሠራው ለንግግር ነው። ከንግግር ውጭ የሆነውን ድምፅ እንደ አየር ማራገቢያ ወይም እንደ መኪና ጩኸት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል። ክራርዎ በመሃል ጥፍት የሚለው ለዚህ ነው። ዙም ላይ ዋናውን ድምፅ እንዳይነካ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ከትምህርቱ በፊት ያብሩት፤ አስተማሪውም እንዲያበራ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አብሮ መጫወት አይቻልም። ድምፅ በኢንተርኔት ሲሄድና ሲመለስ ይዘገያል፤ ምቱ አይገጥምም። ያለው አማራጭ ተራ በተራ ነው። አስተማሪው ይጫወታል፣ እርስዎ ይመልሳሉ። የኔታ ፊት ተቀምጦ ቃል በቃል እየተቀበሉ መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ሰዓት ካልገጠመም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጸው በቴሌግራም ይላኩ፤ አስተማሪው ሲነጋለት አይቶ ይመልስልዎታል።

ለአንድ ነገር ግን የሰው ዓይን የግድ ነው። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታሮች ይመታል። የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ዝም ያሰኛሉ። ዜማው የሚወጣው ነፃ ከተተወው አውታር ነው። ስለዚህ ሥራው ያለው ዝም በማሰኘቱ ላይ ነው። መቃኛው ድምፅን ይለካል፤ የትኛው ጣት በምን ያህል ጫና አውታሩን እንደያዘ አያይም። ይህን የሚያውቅ ሰው በወር አንድ ጊዜም ቢሆን እጅዎን ይይልዎ።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ ያስፈልጋል?

ለአብዛኛው አያስፈልግም። መቃኛው፣ ሜትሮኖሙና መቅረጫው አንዴ ስልኩ ላይ ካሉ ያለ ዳታ ይሠራሉ። የሚለማመዱባቸውን ቪዲዮዎች ዋይፋይ ባለበት ቦታ ያውርዷቸው።

ክራሩን ከግድግዳ ካወረዱት በኋላ መጀመሪያ አውታሮቹን ይመልከቱ። ያረጁ ከሆነ ይቀይሯቸው። ዛሬ ማታ በትዝታ ቃኝተው ቢተኙ ነገ ወርደው ያገኟቸዋል። ክራሩ ተበላሽቶ አይደለም። አዲስ አውታር እስኪለጠጥ ድረስ ለጥቂት ቀናት እንዲህ ነው። በየማታው ከፍ አድርገው ይቃኙትና ሃያ ደቂቃዎን ይጫወቱ።